አተላ መድፊያ ያጣ ቤት

ቧንቧ ሠራተኛው ከሲንኩ ሥር ተንበርክኮ ያቺን ጥምዝ ቱቦ ሲፈታት ከውስጧ ዱብ ያለው ነገር ውኃ አልነበረም። ጥቁር ነው፤ ድፍን ነው፤ የቱቦዋን መልክ ይዞ እንደ ቋሊማ ጎብጧል። ሰውዬው በሁለት ጣቱ አንስቶ አሸተተውና ቀና ብሎ አየኝ።

"ፋዘር፣ የይርጋጨፌ ነው የጅማ?"

"የጅማ ነው" አለች ባለቤቴ ከኋላዬ። ወጥ ቤቷ በውኃ ተጥለቅልቆ እንኳ ቡናዋ በስሙ ካልተጠራ ደስ አይላትም።

"ይኼ ገና ልጁ ነው" አለ ሰውዬው፣ ጥቁሯን ቋሊማ ጋዜጣ ላይ እያስተኛት። "አባትየው ታች ዋናው ቱቦ ውስጥ ነው ያለው።"

አባትየውን ለማውጣት ግማሽ ቀን ፈጀ። እኛ ያለነው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከበላያችንም ከበታቻችንም ያለው ቤት ሁሉ የሚጠቀመው በአንድ የቁም ቱቦ ስለሆነ፣ ምድር ቤት ያሉት ጎረቤቶቻችን ሲንክ መዋጡን ትቶ መትፋት ከጀመረ ሁለት ቀን ሆኖት ነበር። የሚተፋው ደግሞ ቡናማ ነው። ሽሮ ልትሠራ የቆመች ሴት፣ ሲንኳ ሳታዘው ቡና ሲያፈላላት ምን እንደምትል መገመት አያቅትም። እኔ መገመትም አላስፈለገኝ፤ ደረጃው ላይ ቆማ ስትናገር ሰምቻታለሁ።

እውነቱን ለመናገር ሕንፃው ውስጥ አተላውን ሲንክ ላይ የማይደፋ ሰው የለም። ነገር ግን መጀመሪያ የተፈታው የእኛ ቱቦ ስለሆነ ኤግዚቢቱ የተገኘው እኛ ቤት ነው። ቧንቧ ሠራተኛው ዕቃውን እየሰበሰበ፣ ሒሳቡንም እያሰበ፣ አንድ ትምህርት ሰጠን። "ቡና ውኃ ላይ ቀለሙን እንጂ ገላውን አይሰጥም። ጀበና ውስጥ የሚሰክነው ቱቦ ውስጥም ይሰክናል። የወጥ ቅባት ሲያገኝ ደግሞ በቃ፣ ሲሚንቶ ነው።"

በሳምንቱ የብሎኩ ኮሚቴ ስብሰባ ጠራ። ስብሰባው ደረጃው ሥር ነበር፤ ቡናም ተፈልቷል። አቦልና ቶና ላይ ስለ ጥበቃው ደመወዝና ስለ ውኃ ፓምፑ ተወራ። በረካ ላይ የእኔ ጉዳይ ተነሣ። "የቡና አተላ ሲንክና መጸዳጃ ቤት ውስጥ መድፋት በጥብቅ የተከለከለ ነው" የሚል ወረቀት እንዲለጠፍ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። እኔም እጄን አወጣሁ።

"ታዲያ የት እንድፋው?" አልኩ።

ሰብሳቢው አሰቡ። ከስኒያቸው ፉት አሉ። እንደገና አሰቡ። "እሱን እያንዳንዱ አባወራ በየግሉ ይወጣው" አሉ። ስብሰባው ተበተነ፤ ጀበናዋ ግን አተላዋን እንደያዘች ደረጃው ሥር ቀረች። ማን ይድፋት? የትስ?

እናቴ ጉለሌ በነበረው ግቢዋ እንዲህ ያለ ጭንቅ አይታ አታውቅም። በረካው ተጠጥቶ፣ ስኒው ታጥቦ፣ ረከቦቱ ነጭ ጨርቅ ከለበሰ በኋላ ጀበናዋን አንገቷን ይዛ ወደ ጓሮ ትዞራለች። ትንሽ ውኃ ታንቆረቁርባታለች፤ ሁለት ሦስቴ ታሽከረክራታለች፤ "በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ" ትልና ጎመኑ ሥር ትደፋዋለች። በስመ አብ የምትለው ለጎመኑ አይደለም። ትኩስ ነገር መሬት ላይ ሲደፋ ከሥር ያሉት እንዳይቀየሙ ነው። ከሥር ያሉት እነማን እንደሆኑ ስጠይቃት "እነሱ ናቸዋ" ከማለት አልፋ አታውቅም። ከመሸ ደግሞ ጭራሽ አትደፋም፤ ጀበናዋ አተላዋን እንዳዘለች ታድራለች።

የምትደፋበት ቦታም አንድ አልነበረም። ዛሬ ጎመኑ ሥር ከሆነ ነገ ኮባው ሥር፣ ከነገ ወዲያ በጤና አዳሙ በኩል ነው። "ለምን?" ብላት "ሁሉም ይቅመስ" ትለኛለች። ይህቺን "ሁሉም ይቅመስ" ያዙልኝ፤ በኋላ ትፈለጋለች።

አዲስ ጀበና የተገዛ ሰሞን ብቻ አተላው ወደ ጓሮ አይሄድም። አዲሷ ጀበና አፈር አፈር እንዳትል በአሮጌዋ አተላ ተሞልታ ከሰል ላይ ስትንተከተክ ትውላለች፤ ትሟሻለች። አሮጌዋ እንዲህ አድርጋ አዲሷን ካሠለጠነች በኋላ አንገቷ ሲሰበር ሆዷ የጫጩት ውኃ መጠጫ ይሆናል። እናቴ ኮምፖስት የሚለውን ቃል ሳትሰማ አረፈች። ብትሰማውም የመድኃኒት ስም ይመስላት ነበር።

እኔ ጓሮ የለኝም። ያለኝ ወንበር ካስቀመጡበት ጉልበት የማያስቀምጡበት በረንዳ ነው። እሱም ላይ ሦስት የቀለም ባልዲና ሁለት የዘይት ጀሪካን ተደርድረዋል፦ ጤና አዳም፣ በሶብላ፣ ቃሪያ፣ አንዲት ጽጌረዳ፣ ደግሞም ባለቤቴ ለአራት ዓመት "ይበቅላል" እያለች የምታጠጣው የሎሚ ዘር።

ችግሬን ለእህቴ ልጅ ነገርኩት። የሚኖረው ሜልቦርን ነው፤ ፉትስክሬይ የሚባለው የሐበሻ ምግብ ቤት የበዛበት ሰፈር። ወዲያው በቴሌግራም ድምፁን ላከ።

"ጋሼ፣ አተላ እኮ አይጣልም! እዚህ ሰው ካፌ ሄዶ በከረጢት ለምኖ ነው የሚወስደው። አትክልት ላይ ታደርገዋለህ። ፍሪጅ ውስጥ ሽታ ያጠፋል። ድስት ይፈትጋል። ቀንድ አውጣ ያባርራል። አንዴ ተጠቅመህ አትጣለው፤ ሁለተኛ ተጠቀምበት።"

የመጨረሻዋ ምክር ትንሽ ከነከነችኝ። ማን ለማን ነው ስለ ቡና ሁለተኛ የሚነግረው? እነሱ እኮ ማሽን ላይ ሰክተው ትኩስ ውኃ በግፊት ያሳልፉበትና ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ ጥለውት ይሄዳሉ። የእኛ ቡና አቦል ሆኖ ወጥቷል፤ ውኃ ታክሎበት ቶና ሆኖ ወጥቷል፤ እንደገና ተጥዶ በረካ ሆኖ ለልጆችና ለዘገየ እንግዳ ደርሷል። እንግዳው በጣም ከዘገየ አራተኛም አለች፤ ስም ስላልወጣላት ነው ማንም የማይጠራት። ከዛፉስ ቢሆን ምን አስቀርተናል? ሐረር ቅጠሉን ቁጢ ብሎ ያፈላዋል፤ ገለባውንም አይተውም። ጉጂና ቦረና ፍሬውን ከነገለባው በቅቤ አብስሎ ቡና ቀላ ይለዋል። ከዚህ ሁሉ ተርፎ ጀበና ሥር የተኛው አተላ ዕድሜ ልኩን አገልግሎ ጡረታ የወጣ ሠራተኛ ነው። የእህቴ ልጅ ደግሞ ደብዳቤ ጻፍና መልሰህ ቅጠረው ይለኛል።

ሆኖም በሌላ በኩል ሳስበው፣ አገራችን ከምታመርተው ቡና ግማሽ ያህሉን የምንጠጣው ራሳችን ነን። ይህ ሁሉ አተላ የሚሄደው ድሮ ጓሮ፣ አሁን ቱቦ ነው። እንግዲህ ጡረተኛውን ልቅጠረው አልኩና ተነሣሁ።

የመጀመሪያው ፈተና ማድረቅ ነበር። የእህቴ ልጅ የላከው ቪዲዮ ላይ አተላው ከማሽኑ የሚወጣው እንደ ብስኩት ደርቆ፣ ክብ ሆኖ ነው። የእኛው የሚወጣው በጀበና አንገት በኩል ነው። በጠባብ አንገት የሚወጣ ነገር ደግሞ ካልቀጠነ አይወጣም፤ ስለዚህ የሚገኘው አተላ ሳይሆን የአተላ መረቅ ነው። በሻይ ማጥለያ አጠለልኩት። ማጥለያው ለወትሮው የሻይ ቅጠል እንጂ በሙቀጫ የደቀቀ ቡና ስለማያውቅ ግማሹን አሳልፎ ሰጠብኝ። የቀረውን ሰፌድ ላይ አሰጥቼ በረንዳው አጥር ላይ አስደግፌ ገባሁ። ወሩ የካቲት ነው። የየካቲትን ንፋስ የማያውቅ አዲስ አበቤ ካለ እኔ ነኝ።

ከእኛ ሥር፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ እማማ የምንላቸው ጎረቤታችን ይኖራሉ። የቡና ተርታችን አንድ ነው፤ ማለዳ እሳቸው ጋ፣ ከሰዓት እኛ ጋ። ማግስቱ የየካቲት ኪዳነ ምሕረት ስለነበር ነጠላቸውን አጥበው በረንዳቸው ላይ አስጥተዋል። ጥቂት ቆይቶ ከታች ድምፅ ሰማሁ።

"ልጄ፣ ከላይ ምንድነው የሚዘንበው?"

አንገቴን አወጣሁ። "አተላ ነው እማማ። ለአትክልት ነው።"

"እኔ አትክልት ነኝ?"

ነጠላውን ባለቤቴ ሦስት ጊዜ አጠበችው፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። የቡና ቀለም ግን የነካውን አይለቅም። እማማ ጠዋት ከነጠቃጠቆው አጣፍተውት ሄዱ። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ አንዲት ሴት ጥለቱን ወድዳው "ከየት ነው የገዙት?" ብላ እንደጠየቀቻቸው ሲመለሱ ነገሩኝ። ይቅር ማለታቸው ነው ብዬ ወሰድኩት።

ማድረቁን ተውኩና እርጥቡን እንዳለ ባልዲዎቹ ላይ አደረግሁት። እጄ ደግሞ ሲሰጥ አይቆጥብም፤ ጤና አዳሙ ላይ ሦስት ጣት ያህል ከመርኩለት። በሳምንቱ ላዩ ደርቆ እንደ ምጣድ ጠጠረ። ውኃ ሳጠጣው ላዩ ላይ ተንሸራቶ በባልዲው ጠርዝ ወደ እማማ በረንዳ ይወርዳል። ደቃቅ ነገር ሲከመር እርስ በርሱ ተጣብቆ ለውኃም ለአየርም በር እንደሚዘጋ የተማርኩት ያኔ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ነጭ ሻጋታ ጥጥ አስመስሎ አለበሰው። ሦስተኛው ላይ ትናንሽ ዝንቦች ቤት ሠሩበት። ጤና አዳሙ ከሥሩ ጀምሮ ቢጫ ሆነ።

ባለቤቴ በረንዳው በር ላይ ቆማ እጇን አጣጥፋ አየችው። "ጤናውን ወሰድክበት" አለች፤ "አዳሙ ብቻ ነው የቀረው።"

አቤቱታዬን ለሜልቦርን አቀረብኩ። የእህቴ ልጅ መጽሐፍ ገላጭ ነውና ሁለት ቀን ጠፍቶ ሲመለስ ድምፁ ቀዝቅዟል። እዚያው እሱ ያለበት ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የሜልቦርን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህንኑ የእኔን ሙከራ ሠርተውታል። ከካፌ የወጣ አተላ ሳይበሰብስ አፈር ውስጥ ጨምረው ብሮኮሊ፣ ባሮ ሽንኩርት፣ ፍጅል፣ ሱፍ፣ አንድ የአበባ ዓይነትም ተከሉበት። ሁሉም ቀጨጩ። የአፈሩ ዓይነት ቢለዋወጥም፣ ማዳበሪያ ቢታከልበትም ከመቀጨጭ አልዳኑም። ሲታሰብ የሚገርም አይደለም። የቡና ተክል ካፌይን የሚሠራው እኛን ከእንቅልፍ ለመቀስቀስ ብሎ ሳይሆን ሊበላው የሚመጣውን ነፍሳት ለማባረር ነው። የእኛ መንቃት የተረፈ ሲሳይ ነው።

"ታዲያ ለምን አትክልት ላይ አድርገው አልከኝ?"

"ጋሼ፣ ቪዲዮው ነው እንጂ እኔ እኮ አላልኩም።"

አንድ ሌላ ወሬም አፈራረሰልኝ። አተላ አሲድ ስለሆነ ጽጌረዳ ይወደዋል ሲባል ሰምቼ ነበር። አሲዱን አብዛኛውን ውኃው ይዞት ይወጣል፤ የሚቀረው አተላ ወደ መሐል የተጠጋ፣ ጨዋ ነገር ነው። አሲዱን የጠጣነው እኛው ነን፤ ጨጓራዬ ምስክር ነው።

ማዳበሪያነቱንም ቢሆን ወረቀት ይዤ አሰላሁት። ገበሬው የሚያውቀው ዩሪያ ከመቶ 46 እጁ ናይትሮጅን ነው። ደረቅ የቡና አተላ 2 እጅ ገደማ ነው ያለው። ስለዚህ የአንድ ኩንታል ዩሪያን ናይትሮጅን ለማግኘት 23 ኩንታል አተላ ያስፈልጋል። እኛ ቤት ለአንድ ጀበና 50 ግራም ያህል ቡና ይወቀጣል። ውኃው የሚወስደውን ትተን፣ የተወቀጠው ሁሉ አተላ ይሆናል ብንል እንኳ 46,000 ጀበና ማፍላት አለብን። በቀን ሦስቴ፣ ጾም ፍልሰታ ሳንል፣ 42 ዓመት። ወረቀቱን ለባለቤቴ አሳየኋት። ቁጥሮቹን በጣቷ ተከትላ እስከ ታች ወረደችና "ከሰሉስ?" አለች።

የቤት ውስጡ ነገር ፈጥኖ ያልቃል። ፍሪጅ ውስጥ በስኒ ያስቀመጥኩት ደረቅ አተላ ሽታውን ቀንሶታል፤ ባለቤቴ ግን ማን እንደሆነ ያልታወቀ እንግዳ ቡናውን ጀምሮ የተወው መስሏት ሁለት ጊዜ አጥባዋለች። ሽንኩርት የከተፈ እጅ በአተላ ታሽቶ ሲታጠብ ሽታው ይለቃል፤ ይህን ያለ ማንገራገር እመሰክራለሁ። ያረረ ድስትም ይፈትጋል፤ ድስቱ የታጠበበት ውኃ የሚደፋው ሲንክ ላይ መሆኑን እስካልረሳችሁ ድረስ። ሽበት ያጠቁራል የተባለው ያጠቆረው ትራሴን ነው። ልጃችን ከማር ጋር ለውሳ ፊቷን በተቀባች ቀን የመብራት ቆጣሪ አንባቢው በሩን አንኳኳ፤ ከፈተችለት፤ ከዚያ ወር ጀምሮ ቆጣሪያችን በግምት ነው የሚነበበው። ቀንድ አውጣን በተመለከተ ሙከራ አላደረግሁም። ሦስት ፎቅ በሆዱ ተስቦ የመጣ ቀንድ አውጣ ካለ የሚገባው ቡና እንጂ አተላ አይደለም።

የእህቴ ልጅ አሁንም አላረፈም። ሌላ ዜና ላከ፤ አሁንም ከሜልቦርን። እዚያ አገር በዓመት 75,000 ቶን የቡና ቆሻሻ ይወጣል። አር ኤም አይ ቲ የተባለው ዩኒቨርሲቲ መሐንዲሶች አተላውን አየር በሌለበት 350 ዲግሪ ላይ አክስለው ኮንክሪት ውስጥ ከሚገባው አሸዋ 15 በመቶውን ተኩበት። ኮንክሪቱ 30 በመቶ ያህል ጠነከረ። ይህን እ.ኤ.አ. በ2023 ነው ያሳተሙት። ሳይከስል እንዳለ ከገባ ግን ኮንክሪቱን ያደክመዋል። ዜናውን ለቧንቧ ሠራተኛው ደውዬ ነገርኩት። "ሲሚንቶ ነው ብዬህ አልነበር?" አለኝ። ቀጥሎም ዩኒቨርሲቲው ይከፍል እንደሆነ ጠየቀ።

በመጨረሻ ያዳነኝ ሜልቦርን አይደለም፤ ያቺ "ሁሉም ይቅመስ" ናት። እናቴ ዛሬ እዚህ፣ ነገ እዚያ ስትደፋ አንዱ ሥር ሳትከምር በስሱ ታዳርሰው ነበር። የዶሮው እግር ይጭረዋል፤ የጎመን ልጣጭ ይወድቅበታል፤ ክረምቱ ያበሰብሰዋል። እኔ ግን አንዲት ጤና አዳም ይዤ የስምንት ሰው አተላ ጫንኩባት። ስለዚህ አንድ ሌላ የቀለም ባልዲ ገዛሁና ሥሩን በጋለ ሚስማር በሳሳሁት። የድንች ልጣጭ፣ የጎመን እንጨት፣ የተቀደደ የእንቁላል ካርቶን፣ ከመንገድ ዳር የለቀምኩትን ደረቅ ቅጠል አስገባሁና በመሐል በመሐሉ አተላ በተንኩበት። አተላው ከጠቅላላው ከአምስት አንድ እጅ እንዳይበልጥ ተጠነቀቅሁ። በየሳምንቱ በእንጨት አገላብጠዋለሁ። በስድስተኛው ወር ከሥሩ የወጣው ጥቁርና ፍርፍር ነገር የጓሮአችንን ሽታ ይዞ መጣ፤ ዝናብ የነካው አፈር፣ ትንሽም ጀበና ጀበና የሚል። እፍኝ አንሥቼ ለባለቤቴ አሸተትኳት። ምንም ሳትል ሄዳ የሎሚ ዘሯን ጀሪካን አመጣች።

ወሬ ግን ከአተላ ይልቅ ቱቦ ያቋርጣል። ሦስተኛ ፎቅ ያለው ሰውዬ አተላ ይቀበላል ተባለ። መጀመሪያ የመጡት እማማ ናቸው፤ በጣሳ። ቀጥሎ የአራተኛ ፎቆቹ በፌስታል። የምድር ቤቷ ባለ ሽሮ ደግሞ ልጇን በጀሪካን ላከች፤ ልጁ በሩ ላይ ቆሞ "እማዬ 'የእናንተው ነው፣ ተመልሶ መጣ' በላቸው ብላኛለች" አለ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ራሳቸው ከነጀበናቸው መጡ። "በየግላችሁ ተወጡት" ያሉትን አስታወስኳቸው። "እየተወጣሁት እኮ ነው" አሉ፣ ጀበናዋን እያሽከረከሩ።

አሁን ችግሬ ተገልብጧል። ለእያንዳንዱ እጅ አተላ አራት እጅ ልጣጭና ቅጠል ያስፈልገኛል። ጠዋት ጠዋት ፌስታል ይዤ የመንገድ ጠራጊዎቹን እከተላለሁ። ቅጠሉን ከአቧራው ለይተው ያስቀምጡልኛል፤ በግ የማረባ መስሏቸው ለበዓል ዋጋውን ጠይቀውኛል። በረንዳው ላይ ባልዲዎቹ አምስት ደርሰዋል። ወንበሩ ወጥቷል።

ባለፈው እሑድ እማማ ከሰዓት ለቡና መጡ። እማማ ስኒ ያነባሉ። "ለጨዋታ ነው፣ ሥላሴ ይቅር ይበሉኝ" ብለው አማትበው ነው የሚጀምሩት፤ ከጀመሩ ግን ጨዋታ አይመስልም። ለንባብ የሚቀዳ ቡና እንዳይሰክን ያዛሉ፤ ባለቤቴ ጀበናዋን ማቶቷ ላይ ሳታሳርፍ ቀዳችልኝ። ከነዝቃጩ ጠጣሁት፤ ስኒውን በማስቀመጫው ላይ ገልብጬ ሰጠኋቸው። እስኪቀዘቅዝ ጠበቁ። አነሡት፤ ወደ መስኮቱ አዙረው አንድ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"መንገድ አለህ" አሉ።

ልጃችን ሞባይሏን አስቀመጠች። ባለቤቴ ከሰሉን ማራገብ አቆመች። ሜልቦርን መሆን አለበት ብዬ ልቤ ሞቅ አለ።

"ጠባብ መንገድ ነው" አሉ እማማ፣ ስኒውን እያዞሩ። "ጥምዝምዝ ይላል። ከላይ ይጀምርና እየወረደ፣ እየወረደ..." ዝም አሉ። ስኒውን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። "ታች ስትደርስ ግን ተዘግቷል። ጥቁር ነገር ነው የዘጋው።"

ባለቤቴ ማራገቢያዋን ጥላ ወደ ወጥ ቤት ሮጠች። ከዚያም ድምፅዋ መጣ።

"አንተ ሰውዬ! ማነው ትናንት ባልዲውን እዚህ ያጠበው?"